የድራመራችን ኮከብ

ባንድ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይጣላል። እኛም እንጣላ ነበር። አራት ነን፤ ጊታሪስቱ፣ ድምፃዊው፣ ድራመሩና ቤዝ ጊታር የምጫወተው እኔ። የምንጫወተው ሮክ ነው፤ ያውም ደሴ ላይ። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ የጊታሪስቱ ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ባለች ዕቃ ቤት ስንለማመድ ጎረቤት «ምን ተደረመሰ?» እያለ በአጥር ያጮልቃል። እኔና ድራመሩ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራለን፤ የምንኖረውም አንድ ቤት ተከራይተን ነው። ፈረቃችን ሲፈቅድ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተን ደሴ እንገባለን።

ዋናዎቹ ተጣዪዎች ጊታሪስቱና ድራመሩ ነበሩ። አንዱ «ታፈጥናለህ» ይላል፣ ሌላው «ትጎትታለህ» ይላል። እኔ መሃል ቆሜ የትኛውን እንደምከተል ግራ ይገባኛል። አንድ ቅዳሜ ጊታሪስቱ ገመዱን ነቅሎ ጣለና «ከዚህ ሰውዬ ጋር እኮ ኮከባችን አይገጥምም!» አለ። ይህን የማይል ሰው የለም፤ ከአከራይም ከአለቃም ስንጣላ የምንለው ነው። ችግሩ፣ እናቱ በር ላይ ሆነው ሰሙት።

እሳቸው ደግሞ ሴት ልጃቸውን የዳሩት ኮከብ አስቆጥረው ነው። ሁለት ደህና ደህና ልጆች አልገጠማችሁም ተብለው ከደጃቸው ተመልሰዋል። «አስቆጥሩና ይለይላችሁ» አሉን። ሳቅን። በሳምንቱ ግን ሰኞ ገበያ ጀርባ፣ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። እንዴት እንደሄድን ዛሬም በቅጡ አይገባኝም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሆቴል ለአዲስ ዓመት ዋዜማ እንድንጫወት ጠርቶናል፤ ሰው ሲጠራን የመጀመሪያችን ነው። ፈርተን ነበር መሰለኝ።

ሽማግሌው በተራ አዩንና «ሙሽራዋ የታለች?» አሉ።

«ሙሽራ የለንም አባባ። አብረን ነው የምንጫወት» አለ ድምፃዊው።

«አራታችሁም?» ብለው አማተቡ። ቢሆንም እርሳሳቸውን አነሡ።

ቆጠራው እንዲህ ነው፤ የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ይደምራሉ፣ ለአሥራ ሁለት ያካፍላሉ፣ ከሚተርፈው ላይ ኮከቡ ይወጣል። የአባት ስም አይጠይቁም። ለምን ስላቸው «በአባት ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ በእናት ምን ስህተት አለ?» አሉኝ። ጊታሪስቱ አሰድ ወጣለት፤ እሳት ማለት ነው። እኔና ድምፃዊው ሁለታችንም መሬት ሆንንና «እናንተማ የተፈጠራችሁት ለአብሮነት ነው» ተባልን። እኔ ከዚህ ልጅ ጋር የአንድ ዘፈን መግቢያ እንኳ ተስማምቼ አላውቅም። ድራመሩ በተራው የራሱንና የእናቱን ስም ሰጠ። ሑት። ውሃ። ሽማግሌው ቀና ብለው «ይኸኛውና ያኛው እሳትና ውሃ ናቸው። አንዱ ካልወጣ ቤታችሁ አይቆምም» አሉ።

ወጥተን መንገዱን በሙሉ ስናሾፍ ሄድን። ድራመሩን «ውሃው» እያልን ጠራነው፤ እሱም አብሮን ሳቀ። በማግስቱ ስንለማመድ ግን የጊታሪስቱ ስፒከር ጭሶ ጸጥ አለ። ስፒከሩ አሮጌ ነው፤ ሲጨስም ያኔ የመጀመሪያው አይደለም። ቢሆንም የጊታሪስቱ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ የድራም ዱላ በወደቀ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ድራመሩን ማየት ጀመረ። ዋዜማው ሲቃረብ «ለዚህኛው ብቻ ሌላ ድራመር እናምጣ» አለ።

«ኧረ እሱ ቆጠራ ለጋብቻ ነው!» አልኩት።

«ባንድ ከጋብቻ በምን ይለያል?» አለኝ። እዚያው የነበረው ድራመሩ ሁለቱን ዱላዎቹን ሸጎጠና ወጣ።

ይህ ልጅ ድራም የተማረው ከሽመና ማሽን ነው። ከሐርቡ መጥቶ ፋብሪካ ሲገባ ማሽኑ ፊት ቆሞ በጣቶቹ ይመታ ነበር፤ አለቃው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ አለበት ብሎ ክሊኒክ ሁሉ ልኮታል። ቤታችን ውስጥ ያልተመታ ጀሪካንና ድስት የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጆቹ ዝም አሉ። ማታ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸው ይቀመጣል። አንጀቴን በላው። በኮከብ ቆጠራ አምን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አላምንም እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ስፒከሩ ትዝ ይለኛል።

በዚያው ሰሞን እናቱ የበቆሎ እሸት ይዘው ከሐርቡ መጡ። እሱ ፈረቃ ላይ ስለነበር የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

«ልጄ ምን ሆኖብኝ ነው? በስልክም ድምፁ ሞቷል» አሉኝ። መደበቁ ከበደኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አስተግፊሩላህ! እኛ እንዲህ ባለ ነገር አናምንም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «የእናት ስም ሲሉ ግን የወለደች ነው ወይስ ያሳደገች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያው እናት ነዋ፣ እማማ» አልኳቸው። ጥያቄው አልገባኝም። እሳቸውም እሸቱን መሸልቀቅ ያዙ።

እሑድ «ልጆቹ ጋ ውሰዱኝ» አሉ። ድራመሩ ሊቆጧቸው መስሎት «ተይው እማ፣ ልጆች ናቸው» እያለ ነበር፤ እሺ አላሉም። ሦስታችን ደሴ ወጣን። ዕቃ ቤቷ በር ላይ ጊታሪስቱ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አብሽሩ ልጆቼ፣ ለጠብ አልመጣሁም» አሉ። «እሱ የሰጣችሁ የኔን ስም ነው። እኔ ደግሞ ወላሂ አክስቱ ነኝ። የወለደችው እህቴ ናት፤ አራስ እያለች ሞታ ከሴት ልጄ ጋር ግራና ቀኝ አጥብቼ አሳደግሁት። በሷ ስም ይቆጠርለት።» የእህታቸውንም ስም ተናገሩ።

የጊታሪስቱ እናት ወዲያው ስልካቸውን አወጡ። ሽማግሌው ተደወለላቸው፤ ስሙ ተነገራቸው፤ ሁላችንም ጠበቅን። እኔም ጠበቅሁ፣ የማላምነው ሰውዬ። ሚዛን! ነፋስ! ነፋስ ደግሞ እሳትን ያነድዳል እንጂ አያጠፋም። ድምፃዊው አጨበጨበ። ጊታሪስቱ ዘሎ ድራመሩን አቀፈውና «ገጠምን እኮ! ና፣ ግባ ተቀመጥ!» አለው።

ድራመሩ አልተነቃነቀም።

«የገጠመህ ማን ነው?» አለው።

«አንተ ነሃ!»

«እኔ የዚችን ሴት ስም ነው የሰጠሁ። እኔ ያ ውሃው ነኝ።» ከዚያ ወደሳቸው ዞረ። «እስከ ዛሬ ከአፍሽ ሳይወጣ፣ ለከበሮ ብለሽ አክስቴ ሆንሽ?»

«ላንተ ብዬ እኮ ነው አባቴ» አሉ።

ያውቅ ኖሯል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያውቅ፣ እሳቸውም ማወቁን ሲያውቁ፣ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልተነገረም። «ነይ እንሂድ» አላቸውና ቀድሞ ወጣ። ጊታሪስቱ በሩ ላይ ቆሞ «ምን አልኩት? ገጠምን ነው ያልኩት!» ይለኛል። ምን ልበለው? ተከትያቸው ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቱ መስኮቱ ጋ፣ እሱ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። እሱ ፊት ለፊት ያያል። እሳቸው ዞር ብለው በሹክሹክታ «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ያላቸውን ትልቅ ነገር አውጥተው ሰጥተውለታል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ነገር የመጣ ድራም አልፈልግም ብሏል። ማን ተበደለ? ማን በደለ? ፍረድ ቢሉኝ መፍረድ አልችልም ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ብሎ ይጠራቸዋል? ራሳቸው በአደባባይ አክስቱ ነኝ ብለዋል፤ ቃል ደግሞ ወጥቶ አይመለስም። እሳቸውም የፈሩት ይህንኑ ነበር መሰለኝ፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ጉም በክፍቱ መስኮት ገባ። ሰው ሁሉ ተኮማተረ።

«እማ» አለ ድራመሩ፣ አሁንም ፊት ለፊት እያየ፣ «መስኮቱን ዝጊው፤ ብርድ ይመታሻል።»

መስኮቱን መሳብ አቃታቸው። እሱ በላያቸው ተሻግሮ ዘጋው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ኮምቦልቻ እስክንገባ አለቀሱ።