በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

የጨረር ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው አጥባቂ ጾመኛ የሆንኩት። ከዚያ በፊት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የነቢያትን ጾም እንኳ ግማሹን የምገድፍ ሴት ነበርኩ።

ያመመኝ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ስንት ሳምንት ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ሆስፒታል ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን ነርሷ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ "ጨረሩ ብልትዎን ያደርቀዋል፣ ያጠብበዋልም፤ ከባለቤትዎ ጋር ሲሆኑ ሊያምዎት ይችላል" አለችኝ። እንዳይጠብብ በየጊዜው የምጠቀምበት ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግና ማለስለሻ ቅባት ሰጠችኝ። "ለባለቤትዎ ይንገሩት፣ ካመመዎት ደግሞ ይምጡ" አለች። ልጄን የምታክል ልጅ ይሄን ስታወራኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ ሁሉንም ብርድ ልብስ ስር ሸሸግኩት።

ወራት አልፈው ከባሌ ጋር የተገናኘን ቀን ሕመሙ ምላጭ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ደምም አየሁ፣ አጥቤ ዝም አልኩ። ባሌን ስለምወደው ነው ዝም ያልኩት፤ ይሄ ሰው ሌላ ሴት ቢፈልግስ ብዬ ሰጋሁ።

በማግስቱ ሲጠጋኝ "ሮብ እኮ ነው" አልኩት። በጾም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ፣ እሱም ይሄን ያከብራል። እፎይ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጾም አልቀረኝ፦ የሐዋርያት፣ ፍልሰታው፣ የነቢያት፣ ዐቢዩ፤ ይሄ አልበቃ ብሎኝ የፈቃድ የሆነውን የጽጌን ጾም ጨመርኩበት። ባሌ ዊንጌት ጎሚስታ ቤት ያለው ተጫዋች ሰው ነው። "እማሆይ፣ ለእኛም ለኃጥአኑ ይጸልዩልን እንጂ!" እያለ ይቀልድብኛል። አብሬው እስቃለሁ።

ፋሲካ ሲመጣ ጉዴ ፈላ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ጾም የለም፣ ሮብና ዓርብም ይበላል። የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

"ስለት አለብኝ፣ እየጾምኩ ነው" አልኩት።

ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል? ባሌ አልሳቀም። እጁን አነሳ።

"ካስጠላሁሽ ንገሪኝ" አለ። "እግዜርን ምን አስገባሽው?"

"ያመኛል!" ብዬ ጮህኩበት። "አላስጠላኸኝም፣ ያመኛል እኮ!" ነርሷ ያለችውን፣ ደሙን፣ ፍርሃቴን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ዘረገፍኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ሰማኝ።

"ያን ቀንም አሞሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ደስ ብሎኝ፣ አንቺ እየታመምሽ?"

ይቆጣል ስል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ነርሷ ጋ አብረን ሄድን። ዘንጉንም ቅባቱንም መጠቀም ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ ግን ቀስ በቀስ እየተሻለኝ ነው። ከባሌ ጋር ስንሆን ግን በየደቂቃው ቆም ብሎ "አመመሽ?" ይለኛል። "አላመመኝም፣ እውነቴን ነው" እለዋለሁ። አያምነኝም።