የሲስተር ሮማን ግምት

ሲስተር ሮማን ማኒቶልን የምትወደው እንደ ሥጋ ዘመዷ ነው። ጭንቅላቱን ተመቶ አንጎሉ ያበጠበት ሰው በመጣ ቁጥር የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፤ ብርድ አግኝቶት ቅንጣት ከሠራ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ እስኪሟሟ ትጠብቀዋለች። በድንገተኛ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ዶክተር ኢዮስያስ የሚባል ወጣት ሐኪም «ማኒቶልን ከወፍራም የጨው ውኃ ጋር እናወዳድራለን» ብሎ ጥናት ሲጀምር እናቷን የሰደበባት ያህል ተሰማት።

ይባስ ብሎ ጠርሙሶቹ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልለው ቁጥር ብቻ ተለጠፈባቸው። ከፋርማሲው ኃላፊ በቀር የትኛው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሮማንን ግን ማን ይችላታል! ማኒቶል የገባለት ሰው ሽንቱ እንደ ጉድ ይወርዳል ብላ የሽንት ከረጢቱን እያየች ትገምት ጀመር። «ይሄ ማኒቶል፣ ያኛው ጨው» እያለች ለበሽተኞቹ ስም ስታወጣ ነርሶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አልአዛር የሚባል የባጃጅ ሹፌር መናኸሪያ አካባቢ ተገልብጦ ራሱን ስቶ መጣ። ከቱላ የደረሱት እናቱ፣ እማማ ምሕረት፣ ስለ ጥናቱ ሲነገራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ጨው? ጨውማ እኔም ለላሞቼ እሰጣለሁ!»

«እማማ፣ ይሄ ተመጥኖ የተሠራ ነው» አለ ዶክተሩ። ሁለቱም በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ግፊት እንደሚያወርዱ፣ የትኛው እንደሚሻል ግን ገና እንዳልለየ አስረዳቸው። እማማ ምሕረት ሮማንን አዩ። እሷም ሳትወድ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ፈረሙ።

መድኃኒቱ ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሮማን ብትመለስ ከረጢቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ልጁም አልነቃም። ደሟ ፈላ። «ጨው ነው የሰጡት! በጥናት ሊሞትብን ነው!» ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር። ሮማን ከቁም ሳጥኑ ማኒቶል አውጥታ መጣች። ሁለት መድኃኒት ቢደራረብ ኩላሊቱን ሊጎዳው እንደሚችል ታውቃለች፤ እጇ ግን መድኃኒቱ የሚገባበትን ቱቦ ይዟል።

እማማ ምሕረት የልጃቸውን አንሶላ እያስተካከሉ፣ «ሲስተር፣ ያቺን ፌስታል ሦስቴ ደፋኋት፤ ወዲያው ወዲያው ትሞላለች» አሉ። «የጸሎት ቡድናችን ሊጠይቀው እየመጣ ነው። ሽንት ተንጠልጥሎ እንዴት እንጸልያለን ብዬ ነው።»

ሮማን ቱቦውን ለቀቀች። አስታማሚ ያጥባል፣ ይገለብጣል፣ ያጎርሳል፤ ከረጢትም እንደሚደፋ ጠፍቷት አይደለም፤ መጠየቅ የነበረባት እሷ ነበረች። ፈራች፣ ከፍርሃቱም በላይ አፈረች። ጠርሙሱን አስቀምጣ በመዝገቡ ላይ «አልተለካም፤ እናቱ ደፍተውታል» ብላ ጻፈች። ዶክተሩ ሲመጣም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረችው።

«እንኳን ነገሩኝ» አላት።

ሐሙስ ዕለት አልአዛር ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ባጃጁ ነው። ክፍሉ በሃሌሉያ ተናጋ። እማማ ምሕረት የሮማንን ክንድ ያዙና፣ «በይ ንገሪኝ፣ ልጄን ያዳነው የትኛው ነው? ጨው ነው ወይስ ያንቺ?» አሏት።

ሮማን አፏን ከፈተች። ሦስት ሙሉ ከረጢት ለግምት ከበቂ በላይ ነበር።

«አላውቅም፣ እማማ» አለች።

ከጎን ያለውን በሽተኛ የምትወጋው ነርስ መርፌዋን እንደያዘች ዞራ አየቻት።