ፀጉር ሠሪዋና የመንጃ አሠልጣኙ

ደንበኞቿ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት። ማጥፊያ የሌለው ሬዲዮ። ጠዋት የፀጉር ቤቷን በር ስትከፍት የጀመረችው ወሬ ማታ ስትዘጋም አያልቅም። የማን ባል አኮረፈ፣ የማን ልጅ ጥርስ አበቀለ፣ የትኛው ሐኪም መርፌ ሲወጋ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የማታውቀው የለም። ማበጠሪያዋ ሲሮጥ ምላሷም አብሮ ይሮጣል። አንድ ነገር ግን ማንም ልብ ብሎ አያውቅም፤ ስለ ሰው ሁሉ የምታወራው ሴት ስለ ራሷ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዝግባ ነበር። አሠልጣኙ በከተማው የተመሰገነ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ፣ ሴቱን ሁሉ «እህቴ» እያለ የሚጠራ ሰው ነው። ታዲያ ይህ የተመሰገነ ሰው አንድ ከሰዓት መኪናውን ከአንድ መጋዘን ጀርባ አስቆማት፣ በሮቹን ቆለፈና ደፈራት። ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ፀጉሩን እያስተካከለ «ብታወሪስ ማን ያምንሻል?» አላት። ቤቷ ገባች፣ ገላዋን ታጠበች፣ ለባሏም «ለመኪና የሚሆን ጭንቅላት የለኝም» ብላ ትምህርቱን ተወችው።

ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገር አይገባውም። በየጊዜው «ምናለ ብትጨርሺው?» ይላታል። እሱ ይህን ባነሳ ቁጥር አማቷ ከተቀመጡበት ቀና ይሉና «ተዋት እባክህ! እሷና መሪ አይተዋወቁም!» ይላሉ። ፀጉር ሠሪዋና አማቷ ቀድሞውንም ዓይንና ናጫ ናቸው። ሻዩ ከቀጠነ፣ መጋረጃው ከተንሻፈፈ፣ ልጁ ካሳለው፣ ጥፋቱ የእሷ ነው። ይህቺ የመሪ ነገር ግን ከሁሉ ብሳ አንጀቷን ታሳርራት ነበር። ሴትዮዋ ቁስሏን እየፈለጉ የሚነኩ ይመስላት ነበር።

እንግዲህ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ማሽኑ ጆሮ ላይ ስለሚጮኽ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ሹክ ያለ እየመሰለው ይጮኻል። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ባንክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ቢጉዲኗን እንደተጠቀለለች ካስኩ ሥር ሆና፣ አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ ምስጢር ልትነግራት ዘንበል አለች።

«የመንጃ አስተማሪዬ መኪና ውስጥ ቆልፎብኝ አስገድዶኛል! ለማንም እንዳትነግሪ!»

ይህን ያልሰማ ቢኖር እሷ ራሷ ብቻ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጫማ ሰፊ እንኳ መዶሻውን አቆመ። ጓደኛዋ ተነሥታ ካስኩን አጠፋችው። ልጅቷ ዙሪያዋን ስታይ ሁሉም ወደ እሷ አፍጥጧል፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

መታጠቢያው ላይ ተንጋላ የነበረች አንዲት መምህርት አረፋው በግንባሯ እየወረደ ቀና አለች። «ያ ከረሜላ የሚያድለው ሰውዬ?»

«እሱ!» አለች ልጅቷ በጣቶቿ መሃል።

«እኔንም!» አለች መምህርቷ። «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል!»

ማበጠሪያው ከፀጉር ሠሪዋ እጅ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ የምትውለው ሴት አሁን አንዲት ቃል ለማውጣት ምጥ ያዛት። በመጨረሻ «እኔንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትሳደባለች፣ አንዷ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ተነሡ እንጂ!» ትላለች። ፀጉር አስተካክለን እንሂድ ያለ አልነበረም። አንዷ በቢጉዲን፣ አንዷ በአረፋ፣ አንዷ ግማሽ ራሷን ተሠርታ፣ ፀጉር ሠሪዋም ሽርጧን እንደታጠቀች በዋናው መንገድ ተግተልትለው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። በር ላይ የነበረው ፖሊስ መጀመሪያ ሊስቅ ከጅሎት ነበር። ሲያወሩት ግን ባርኔጣውን አውልቆ ወንበር ፍለጋ ሮጠ።

ሰውዬው ተያዘ። ወሬው ሲሰማ ሌሎች ሴቶችም ከየቤታቸው ወጡ። ክሱን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ቀጭን፣ ስታወራ የሚያባርሯት የምትመስል ሴት ናት። ሴቶቹን ሰብስባ እቅጩን ነገረቻቸው።

«ተከሳሹ ‹በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድ ሰው ከስሶኝ፣ አንድ ሰው ወቅሶኝ አያውቅም፤ ሬዲዮ የሚሏት ሴት ፀጉር ቤቷ ሰብስባ ያቀናበረችው ነው› እያለ ነው። ጠበቃው በዚህ ነው የሚገባው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ካገኘን ግን አለቀለት። ማን ያውቃል?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ማንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። የእሷ ወሬኛነት፣ ያ የሚሳቅበት ምላሷ፣ ሰውዬውን ነጻ ሊያወጣው ነው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። አማቷም ተቀምጠዋል፤ ቢሰሙ ይስሙ ብላ ተናገረች። ባሏ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ደም ለብሷል። «ፍርድ ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ» ብሎ እጇን ያዘ። አማቷ ግን «ሻይሽ ቀዘቀዘ» ብቻ አሉ። በዚህ ቀን እንኳ! ፀጉር ሠሪዋ በንዴት ጦፈች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዐቃቤ ሕጓ ደወለች። «አንድ ምስክር በገዛ እግሩ መጥቷል። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ምስክር ለምስክር አይነገርም» ብላ ዘጋች። ድምፅዋ ግን የደስታ ነበር።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ተከሳሹ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ሠርግ የተጠራ መስሎ ተቀምጧል። ፀጉር ሠሪዋ ቃሏን ሰጠች። ቀጥሎ ጠበቃው ፈገግ ብሎ ተነሣ።

«ሬዲዮ ነው አይደል የሚሉዎት? ለምን ይሆን?»

«ብዙ ስለማወራ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን አንድ ወሬ እንዴት ሆድዎ ቻለው?»

«ስለ ሰው የማወራው ማንም ስለ እኔ እንዳይጠይቀኝ ነው» አለች። «አንተም ጌታዬ ቤቴ መጥተህ ቢሆን ኖሮ ስለ ጎረቤትህ አጫውትህ ነበር።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጠበቃው ፈገግታውን ሰበሰበ። እሷ ከባሏ አጠገብ ስትቀመጥ የሚቀጥለው ምስክር ተጠራ፤ በሩ ተከፈተ፤ አማቷ ገቡ።

«ሊመሰክሩብኝ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ በሆዷ። ባሏን ብታየው እሱም አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

አማቷ ቃለ መሐላ ፈጸሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያን ቀን ምራቴ ቀሚሷን ስታሽና ስታነባ በበሩ ክፍተት አየኋት። ሴት ነኝ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በማግሥቱ ማሠልጠኛው ድረስ ሄድኩ። ይህን ሰውዬ ቢሮ ውስጥ አገኘሁትና ‹ምራቴን ምን አደረግሃት?› ብዬ በዚህ በእጅ ቦርሳዬ ፊቱን አጮልኩት።»

ጠበቃው ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ክቡር ዳኛ! ፈጠራ ነው! ደንበኛዬ እኚህን ሴት በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም!»

ተከሳሹ ፊቱ ደም መስሎ ነበር። የዚያ ቀን ንዴት ተነሣበት መሰለኝ፣ ራሱን መግዛት አቃተው። ብድግ ብሎ «ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «በቦርሳ አይደለም የመታችኝ፣ በጃንጥላ ነው!»

ሰውዬው የተናገረው ለራሱ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ጠበቃው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ልክ ነህ» አሉ አማቷ። «ጃንጥላ ነበር፤ አሁን ትዝ አለኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ተከሳሹን አዩት። «በሕይወትህ ያላየሃት ሴት በጃንጥላ ስትመታህ፣ ምን ብላ ነበር የመታችህ?» ሰውዬው ጠበቃውን አየው። ዳኛው ወደ አማቷ ዞረው እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቁ።

«ልጄ ሰው ገድሎ ወህኒ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። እሱ ስለ መኪና ባነሣባት ቁጥር እኔ እሷን ስድብ አደርግና ወሬውን አስቀይረዋለሁ። እሷ ጠላችኝ። ትጥላኝ፣ ግን እንዳትታመም አልኩ።»

ፀጉር ሠሪዋ አሁን ገባት። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰደቧት ሲመስላት፣ ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ሲጠብቋት ነው የኖሩት። እንዲህ ያለ ነገር ደስታም ኀዘንም አይባልም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባትና አለቀሰች።

የማሠልጠኛው የቀድሞ ጸሐፊም ተጠርታ ጃንጥላውን በዓይኗ ማየቷን፣ ጩኸቱንም መስማቷን መሰከረች። በፍርዱ ቀን ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ተያይዘው ተቀመጡ። ዳኛው ረጅሙን ጽሑፍ ሲያነቡ ባንክ የምትሠራዋ ልጅ የመምህርቷን እጅ ጨምቃ ልትሰብረው ደርሳለች። በመጨረሻ ዳኛው ቀና አሉና «በቀረቡበት ክሶች በሙሉ ጥፋተኛ ነው» አሉ።

አማቷ ብድግ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ብቻቸውን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ በሙሉ ኃይላቸው ያጨበጭባሉ። ሥርዓት አስከባሪው ፖሊስ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ፍርድ ቤት ነው! ዝም ይበሉ!»

«ዝም ብዬ ምን አተረፍኩ ልጄ?» አሉት፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

ፀጉር ሠሪዋ እንባዋን እየጠረገች ተነሥታ አጠገባቸው ቆመችና አብራ ማጨብጨብ ጀመረች።