ለአባባ ደስታ የተላኩ ሽማግሎች

ባለፈው ቅዳሜ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ከጋቢያቸው የወጣው የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ልቤ እንዴት እንደዘለለ ምኑን ልንገራችሁ! እኔ ራሴ ሰባ ዓመት የተጠጋሁ፣ ረዳቱ «ፋዘር» እያለ የሚጠራኝ ሰውዬ፣ አንገታቸው ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝም፤ መውረጃዬንም አለፍኩት። ሽታው የአባባ ደስታ ነበርና።

አባባ ደስታ የዶሮ ማነቂያ ሰፈራችን ታላቅ ነበሩ። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ ንብረታቸውም አንድ ሳጥን፣ አንድ ጋቢና አንድ ግራጫ ባርኔጣ ነው፤ ግን እሳቸው ሳይመርቁ ሰርግ አይደገስም፣ እሳቸው በሌሉበት የተጣላ አይታረቅም፣ እኛ ልጆችም ያለ እሳቸው ምርቃት ለፈተና አንቀመጥም። ኳስ ስንጫወት እንኳ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ኳስ ይቆማል፣ ጎል አፍ ላይ ቢሆንም ይቆማል።

እኔ ታዲያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው ይህን ሕግ ጣስኩ። በረኛው ወድቋል፣ ጎሉ ባዶ ነው፣ ኳሷ እግሬ ሥር ናት፤ አባባ ደስታ በጎሉ ፊት ሲያልፉ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩና ለጋኋት። የጨርቋ ኳስ ባርኔጣቸውን አንስታ ቦይ ውስጥ ከተተችው። ቢመቱኝ ምን ነበረበት! በሰፈራችን ማንኛውም ትልቅ ሰው የማንንም ልጅ መቅጣት መብቱ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ አራግፈው ሄዱ። ያ ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ አንገበገበኝ፤ ያለ ምርቃት ፈተና መግባት ለእኛ ያለ እርሳስ ከመግባት አይተናነስም ነበርና።

አስታርቁን ብለን ለትልልቆቹ ብንነግር መጀመሪያ የምገረፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሽማግሎቹን ከራሳችን መረጥን! ሦስት ጓደኞቼ የአባቶቻቸውን ጋቢ ተከናንበው፣ ዋናው ሽማግሌ ፍስሐም የመጥረጊያ እንጨት ተመርኩዞ ከፊት ሲሄዱ፣ እኔ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ወግ ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። ጋቢያቸው መሬት ይጠርጋል፣ ሳቁ ሊያንቃቸው ነው፤ እኔ ግን ድንጋዩን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዣለሁ።

አባባ ደስታ በሩን ከፍተው አዩን። ይስቃሉ ወይም ያባርሩናል ብዬ ስጠብቅ፣ ኮስተር ብለው «ግቡ ሽማግሎች፣ ተቀመጡ» አሉ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ፍስሐ ድምፁን አጎርንኖ።

«እንግዲያው እርስዎ ይናገሩ» አሉት። አዎን፣ የአሥራ አራት ዓመቱን ፍስሐን አንቱ አሉት!

«ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል። ይማሩልን።»

ወደ እኔ ዞረው ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ለመሆኑ ጎሏ ገባች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አልገባችም አባባ፤ ባርኔጣዎ መለሳት።»

«እንግዲያማ ካሳህን ከፍለሃል፤ ድንጋዩን ጣል!»

ያን ጊዜ አራታችንም፣ እሳቸውም አምስተኛ ሆነው፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ስስም፣ «እደግ፣ ተመንደግ፣ ምስጢሩን ይግለጽልህ» እያሉ አናቴ ላይ እንትፍ እንትፍ ሲሉብኝ፣ ፈተናውን እዚያው ያለፍኩ መሰለኝ። አለፍኩም!

ዛሬ ሰፈሩ ፈርሷል፤ እኔም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። እውነቱን ልናገርና ሰው አላዋረደኝም። ባንክ ስገባ ወረፋ ይለቁልኛል፣ ታክሲ ውስጥ ይነሱልኛል፣ የሕንፃው ልጆች ዘንቢሌን ይሸከሙልኛል። ክብሩ ሞልቷል፤ የጠፋው እኔ ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። የሚያስቀይመኝ ልጅ እንኳ የለም፤ ካልተቀየምኩ ደግሞ ማን ሽማግሌ ይልክብኛል?

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ እንደሚሄድ ሰምቼ፣ ምርቃቴን አዘጋጅቼ ከማለዳ ጀምሮ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆምኩ። ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ፤ ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈና «ይለፉ ጋሼ» ሲል መንገዱን ለቀቀልኝ። ምን ልበል? አመሰገንኩት፤ መሄጃ ሳይኖረኝም ደረጃውን እስከ ታች ወረድኩ።