የእትዬ ራቢዓ ሰላምታ

በይፋት ቆላ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ችግሩን አያስቀድምም። ቤቱ ተቃጥሎ ቢያድር እንኳ መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው፣ ምንም አልል» ይላል። ብሶቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እትዬ ራቢዓም ያደጉት በዚሁ ወግ ነው።

ሸዋ ሮቢት ገበያ ዳር ፓፓያና ሽንኩርት ሲሸጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው አንድ ልጅ ሷሊሕ ብቻ ነበር። ተኩሱ ሰፈር ድረስ ሲመጣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ተፈናቃዮች ወደተጠለሉበት ሰደዱት። መኪና ሲያሳፍሩት እጁን ይዘው፣ «ማንም ሰላም ሆኗል ቢልህ እንዳትሰማ። ከራሴ አፍ ካልሰማህ እንዳትመጣ፤ በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ» አሉት። አስቸጋሪ ልጅ ነበር፤ በዚህች ነገር ግን ቃሉን ጠበቀ።

ስልክ ከተቋረጠ በሦስተኛው ሳምንት ካሜራ የያዙ ሰዎች ጉሊታቸው ድረስ መጡ። ማይክሮፎን የያዘው ወጣት ትሁት ነው። «እትዬ፣ እንዴት ነዎት? አካባቢውስ?» አላቸው። እንደ ወጉ ፈገግ ብለው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው፣ ምንም አልል» አሉ። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! መንገድ ላይ ሰው ከመኪና እየወረደ እንደሚቀር፣ የጎረቤታቸው የሁሴን ቤት እንዴት እንደነደደ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይፈሩ ዘረገፉት። ወጣቱ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ፣ አመስግኖ ሄደ። «ዛሬስ ሰሚ አገኘን» ብለው ደስ አላቸው፤ የዋህ ናቸው።

ማታ ዜና ላይ ፊታቸው ብቅ አለ። «ሰላም ነው፣ ምንም አልል» አሉ። ወዲያው ፓፓያው ታየ፣ ከሥሩም «ነዋሪዎች ወደ ሰላማዊ ኑሯቸው ተመለሱ» የሚል ጽሑፍ። ሌላው ሁሉ የለም። ሩብ ሰዓቱን ጅብ በላው? በማግስቱ ደገሙት፤ በሳልስቱም እንዲሁ።

እትዬ ራቢዓ የቴሌቪዥኑ ሰዎች ቢሮ ሄደው፣ «ንግግሬን ቆርጣችሁታል። ልጄ ቢያየው አምኖ ይመጣል» ብለው ለመኑ።

«ምን ሐሰት አለበት? ሰላም ነው አላሉም?» አለ የቢሮው ሰው። «ለነገሩ ከላይ የተጠየቀው የሰላም ዜና ነው።»

በአንድ ሾፌር ለልጃቸው «እንዳትመጣ» የሚል መልእክት ላኩ። ሾፌሩ የጣርማ በርን ዳገት ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ሷሊሕ በሌላ መኪና እየወረደ ነበር። ሸዋ ሮቢት ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ታጣቂዎች እነሷሊሕ የተሳፈሩበትን መኪና አስቁመው ወንዶቹን አወረዱ። አስከሬኑን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ይህን ቴሌቪዥኑ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ለቅሶው ላይ አብሮት ተጠልሎ የነበረው አብዱልፈታህ መጣ። «ሻይ ቤት ሆነን አየንዎት፤ እስኪጣራ ቆይ አልኩት» አለ አቀርቅሮ። «‹ከራሴ አፍ ስማ ብላኛለች፤ ይኸው ሰማሁ› ብሎ ሻንጣውን አነሳ።»

እትዬ ራቢዓ አላለቀሱም። በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ እንኳ ጎረቤት የተከፈተው ቴሌቪዥን «ምንም አልል» ሲያሰኛቸው ይሰማ ነበር። እንዴት ያንገበግባል!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእሳቸውን ቃል አፋፍ ያወጡት ግን ሌሎች ናቸው። ይህን ስንነግራቸው አይሰሙንም፤ «አፌ ነው የገደለው» ይላሉ።

አሁንም ጉሊታቸው ላይ ናቸው። ደንበኛ መጥቶ፣ «እትዬ፣ እንዴት ነዎት?» ሲላቸው፣ ሽንኩርቱን እየመዘኑ፣ «ልጄ ሞቷል» ይላሉ አስቀድመው። «አልሐምዱሊላህ» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው።