በሰንሰለት የሚሄደው ትራክተር

የእኔንና የጎረቤቴን ማሳ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነው። ልጆቻችንን አብረን አሳድገናል፤ ባሎቻችንንም አብረን አልቅሰን ቀብረናል። የእሷ መሬት ግን ከእኔ ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ነው። በሬዎቿ ካለቁ ወዲህ ጦሙን ያድራል። ቦንጋ የሚኖረው ልጇ፣ «ዘንድሮም ካልታረሰ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» አላት። ለእናቱ አስቦ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን እሷ ከሄደች በእንሰቱ መሃል አጮልቆ «አለሽ ወይ?» የሚለኝ ማን ነው?

የማኅበራችን ባለ ጎማ ትራክተር አምና ሞክሮላት ነበር። ሁለት ትልም ሳያወጣ እስከ ሆዱ ሰመጠ። መንደሩ በገመድ ጎትቶ አወጣው። ጎማው የረገጠው ቦታ እንደ አውድማ ጠጥሮ ውሃ አቁሮ ከረመ።

ስለዚህ ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ «ዘንድሮ የሚመጣው በሰንሰለት ነው የሚሄደው» ሲሉ፣ እኔና እሷ የተረዳነው ሌላ ነው። ያኛው በገመድ ከተጎተተ፣ ይሄ ቢከብድ ነው ሰንሰለት ያስፈለገው አልን። እሷም ለጎታቾቹ ብላ ቆጮ ጋግራ፣ ጎመን ቀቅላ፣ ጎረምሶቹን ሁሉ ጠርታ ጠበቀች።

ትራክተሩ አስፋልት እንዳያበላሽ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ሹፌሩ አውርዶ ሲያንቀሳቅሰው ጎረቤቴ እየሮጠች ፊቱ ቆመች።

«ቆይ እንጂ! ጎታቾቹ ገና አልበሉም!»

ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ። «እማማ፣ ሰንሰለቱ እኮ እግሩ ነው!»

እውነትም በጎማ ፈንታ በሁለት ጎኑ ሰፊ የብረት ሰንሰለት ይዞራል። እኛ ጭቃ ስንሻገር እንጨት እንረበርብ የለ? እሱ መረማመጃውን ራሱ ከፊቱ እያነጠፈ፣ ከኋላው ራሱ እያነሳ ይሄዳል። ክብደቱ በሰፊው ስለሚያርፍ አይሰምጥም፤ አፈሩንም አይጠቀጥቅም።

ሊቀመንበሩ ግን «ተራ አለ፤ ከመንገድ ዳር ይጀመር» አሉ። የመንገድ ዳሩ መሬት የእሳቸው ነው።

«ተራው ከእርስዎ እየጀመረ እሷ ጋ ደርሶ ያውቃል?» አልኳቸው። «ለደረቁ መሬት ባለ ጎማው አለልዎ። ይሄ የመጣው ለጭቃው ነው።»

«እትዬ፣ ሊቀመንበርነቱንም ወሰዱት?»

«እሱ ለእርስዎ ይሁን። እኔ አፌ ይበቃኛል።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። «በል ውረድ፣ ከታች ጀምር» አሉት ሹፌሩን።

ባለ ጎማው አምና የሰመጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጎረቤቴ እጄን ጨበጠች። ትራክተሩ ትንሽ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ጥቁሩን አፈር እየገለበጠ አለፈ። ጉድለቱን አልደብቅም፤ አዝጋሚ ነው፣ ዳር ላይ ሲዞርም መሬቱን ይቦጭቃል። ከድንበሩ እንሰት አንዱን ገንድሶብኛል። ይሁን። ካለፈበት ላይ አፈሩን ስነካው ልል ነበር፤ ጣቴ ሳይቸገር ገባ።

ምንም ያልጎተቱት ጎረምሶች ቆጮውን ጨርሰው ሄዱ። እሷ ጫማዋን አውልቃ በአዲሱ ትልም ውስጥ ቆመች፤ ጭቃው በጣቶቿ መሃል ሲወጣ እንደ ልጅ ታየዋለች። ከዚያ ለልጇ ደወለች።

«የበቆሎ ዘር ይዘህ ና» አለችው። «እጅህንም አትርሳ፤ ብዙ መሬት ነው።»