ለፈረስ የተሰጠ ጆሮ

ዓለሚቱ ባሏን ሐኪም ፊት ለማቆም ሦስት ወር ሙሉ ለምናለች። ባሏ ዋለ እርሻ ላይ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ አፏን አስይዟታል። ዘንድሮ ለጃንሆይ ልደት ሆሳዕና ከተማ የፈረስ ጉግስ አለ፣ ለእሱም ሁለት ወር በየማለዳው ልምምድ ይደረጋል ሲባል ግን ለቅሶዋን ለቀቀችው። ዋለም፣ "ከልምምዱ በፊት ጋላቢዎቹን ሁሉ ሐኪም ያየናል። ተው ካለኝ እተዋለሁ" ብሎ ቃሉን ሰጣት። ይህችን ቃል ይዛ ከአገራቸው ከሌሞ ድረስ ከፈረሱ ኋላ በእግሯ ተከተለችው።

ለምርመራ በተሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ሰልፉ ሁለት ነበር፤ አንዱ የፈረስ፣ አንዱ የሰው። የፈረሱን የያዙት ፈረስ አዋቂው አባባ ወልደ ማርያም ናቸው። ጥርስ ገልጠው ያያሉ፣ ሰኮና አንስተው ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ጎድኑ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ አብሮ እየሮጠ ሁለት ዙር ያስሮጠዋል፤ እንደገና ያዳምጣሉ። ስንቱን የጌጥ ፈረስ "ትንፋሹ አጭር ነው" ብለው መለሱት። ፈረሱ የተመለሰበት ልምምድ አይገባም፤ ደንቡ ነው።

የሰውን ሰልፍ የያዘው የሐኪም ረዳቱ ድሬሰር ግን ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። "ስም? ሕመም አለብህ?" "የለብኝም።" ማኅተም። የቆሎው ገለባ ወረቀቱ ላይ ሲረግፍ እፍ ብሎ ያበንነዋል። ቀጣይ! ዓለሚቱን አንገሸገሻት።

የዋለ ተራ ደረሰና እሱም "የለብኝም" አለ።

"አለበት! ሁለት ጊዜ ወድቋል!" ብላ ጮኸች።

ድሬሰሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ሐኪሙ አንቺ ነሽ?" አለ። ሰልፈኛው አውካካ። ማኅተሙ አረፈ።

"ይኸው፣ ሐኪም አየኝ" አላት ዋለ።

ምኑን አየው! ፊቱን እንኳ አላየም። የድሬሰሩ የሚያኝክ አፍ፣ የሰዉ ሳቅ፣ የባሏ ኩራት አንድ ላይ አስጠሏት፤ ምራቋን እንትፍ አለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

"አባባ፣ ፈረሱን ሲያዩ ባለቤቴንም ያዳምጡልኝ።"

"እኔ የማውቀው ፈረስ ነው፣ ልጄ።"

"እግሩ ሁለት መሆኑን ይለፉልኝና።"

ሽማግሌው ሳቁ። ዋለ ዳማ ፈረሱን ይዞ ሁለት ዙር ሮጦ ሲመለስ ፈረሱን አዳመጡ፤ ዞር ብለውም ዋለ ሳያስበው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ። ቆዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

"እንዲህ የሚመታ ልብ ያለው ፈረስ ቢያመጡልኝ ልጓሙን አውልቄ መስክ ላይ እለቀው ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"ሐኪም አይቶኛል!" ዋለ ወረቀቱን ዘረጋ።

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ ፈረሱን አዩ። ዳማው እንከን አልነበረበትም፤ እሳቸውም በፈረስ ዋሽተው አያውቁም። ዓለሚቱን ቀና ብለው አዩዋት።

"ፈረሱ ትንፋሹ አጭር ነው" አሉ ጮክ ብለው። "ልምምድ አይገባም።"

ዋለ ለመነ፣ ተቆጣ፤ አልሆነም። ሰዉ ሁሉ ለፈረሱ አዘነ። ድሬሰሩ እንኳ ቆሎውን ትቶ መጥቶ የፈረሱን አንገት እየዳሰሰ፣ "ወይኔ፣ ምን ነካው?" አለ። ለዋለ ያልወጣችው ጥያቄ ለፈረስ ወጣች።

ወደ ሌሞ ሲመለሱ ዋለ ፈረሱ ላይ አልወጣም፤ የታመመ ፈረስ አይጫንም ብሎ በእግሩ ይመራዋል። ዐቀበቱ ላይ በየጥቂቱ ይቆማል፤ "ይረፍ" ይላል። ፈረሱ ሣሩን ይነጫል፤ የሚያለከልከው ዋለ ነው። ሦስት ወር ስትለምነው አንድ ቀን ያላረፈ ሰው፣ ለፈረሱ ሲል እስከ ቤቱ እያረፈ ገባ።